የእማዬ ስለት

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። የተሳልኩት ግን እኔ አይደለሁም፣ እማዬ ናት። «ልጄን ከያዘው ነገር ካላቀቅክልኝ ጃንጥላ አገባለሁ፣ እሱም በአፉ ይመሰክራል» ብላ ለአራዳው ጊዮርጊስ ተሳለች። በሰው አፍ መሳል ይቻላል ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ። «የወለድኩህ እኔ ነኝ፣ አፍህም የኔ ነው» አለችኝ። ጃንጥላው ገብቷል። የቀረው የኔ ዕዳ ነው።

የያዘኝ ነገር ቤቲንግ ነበር፣ በኳስ ጨዋታ በብር መወራረድ። ወደሱ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ቤታችን ትንሽ ላውራ።

ቤታችን አፍንጮ በር አካባቢ ነው። እማዬ ታምናለች፣ አባዬ አያምንም። አባዬ ስድስት ኪሎ የገባው በ1965 ነው። የካቲት 66ን ተማሪ ሆኖ አይቷል። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር ተይዞ ቀበሌ ታሰረ። አንድ ሌሊት በሩ ተከፈተና ስም ተጠራ። የጓደኛው ስም ነበር። የአባዬ አልተጠራም። ከሳምንታት በኋላ ተፈታ። ጓደኛው በዚያው ቀረ። እማዬ ያኔ እጮኛው ነበረች፤ እነዚያን ሳምንታት ጊዮርጊስ ደጅ ስትጠና ነው የከረመችው።

«እሱ ነው ያወጣህ» ትላለች እስከ ዛሬ። «የዚያም ልጅ እናት ስትጾም ነበር» ይላል አባዬ። ይህ ክርክር በዕድሜ ይበልጠኛል። የሚገርመኝ፣ የሚከራከሩት ስለ አንድ ሌሊት መሆኑ ነው። እሷ በዚያች ሌሊት አመነች፣ እሱ በዚያችው ሌሊት ማመን አቆመ። ማርክስን ማንበቡ አይደለም ያስቆመው። ማርክስን ያነበበው ከዚያ በፊት ነው፤ እያነበበም ይሳለም እንደነበር እማዬ ትመሰክርበታለች።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም በ2002 ሲከፈት ይዞኝ ሄደ። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው። አንዱ ፊት ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም።

አድዋም አያስታርቃቸውም። እማዬ የጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ከንጉሡ ጋር ዘምቶ ድል እንዳደረገ ታነሳለች። አባዬ ደግሞ «ጣልያኖቹስ ሳይጸልዩ የመጡ ይመስልሻል?» ይላል። እሷ መልስ አላት፣ እሱም የመልሱ መልስ አለው። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ይተዉታል።

እኔ አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ስማር «ማስረጃ የለም» እያልኩ ዶርም ውስጥ የምከራከር ልጅ ነበርኩ። የአባቴን ቃል ወስጄ የሱን ሌሊት ሳላድር። የሱ አለማመን ብዙ የተከፈለበት ነው። የኔ የነፃ ነበር፤ እሁድ ጠዋት ለመተኛት ተመቸኝ። (የማያምን ሁሉ እንደኔ ነው እያልኩ አይደለም። አባቴን እያየሁ እንዲህ ብል ነውር ነው።)

ከዚያ ቤቲንግ መጣ። በመጀመሪያ በ20 ብር፣ ለቀልድ። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንድ ጠባብ ቤት ነበረች፤ ከሥራ ስወጣ እዚያ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቼ አያለሁ። በዓመቱ ደመወዜ 10ኛው ቀን ላይ አይደርስም ነበር። እና እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። አምላክ የለም የምለው ሰውዬ፣ ኮርነር ሲመታ ዓይኔን ጨፍኜ እጸልይ ነበር። የምቀመጥበት ወንበር አንድ ነው። ጨዋታ ላይ ስልክ አላነሳም፣ ካነሳሁ ጎል ይገባብናል። ሰማያዊ ሹራቤን አላሳጥብም፣ ስላሸነፍኩበት። እናቴን «አጉል እምነት» እያልኩ የምስቅ ሰው!

የእማዬ ዕቁብ ወጣ። 60 ሺህ ብር። ለጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ክረምት ሲመጣ መኝታ ቤቱ ያፈሳል። «ባንክ አስገባልኝ የኔ ጌታ» ብላ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። በ17 ቀን አለቀ። አላስገባሁትም ማለት ብቻ አይበቃም፤ ስትጠይቀኝ አስገብቻለሁ አልኳት።

የመጨረሻው ሌሊት የወሩ 22 ነበር፣ ለጊዮርጊስ ዋዜማ። በአንድ ትኬት አሥር ጨዋታ አያይዤ ዘጠኙ ገብተውልኛል። አሥረኛው ላይ በጭማሪ ሰዓት ጎል ገባ። ወንበር ላይ ቆምኩ። ብሩ በአንዴ ሊመለስ ነው። ዳኛው እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። ቫር፣ የቪዲዮ ዳኝነቱ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም፤ ሹራቤን ጨብጬ «ጌታዬ፣ አንዴ ብቻ» እያልኩ ነበር። ተሻረ። በጉልበት ልዩነት ኦፍሳይድ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ግድም ወጣሁ። ቤት መግባት አልቻልኩም። ፒያሳን ዞርኩ፣ ዞርኩ። ወደ 11 ሰዓት ሲሆን ነጭ የለበሱ ሰዎች ሲሄዱ አየሁና ተከተልኳቸው። ለመጸለይ አይደለም። በርዶኝ ነበር፣ ሰው ያለበት ቦታ ፈለግሁ።

ጊዮርጊስ በር ላይ አንዲት እናት ጧፍ ይሸጣሉ። ማዳበሪያ አንጥፈዋል፣ ጧፉ በክር በክር ታስሯል፣ ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ተጭኖበታል። ጣታቸው በሰም ቢጫ ሆኗል። አንድ ጧፍ ዘረጉልኝ።

«ገንዘብ የለኝም እማማ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። የታክሲም የለኝም።

«ነገ ትሰጠኛለህ።»

«ባልመጣስ?»

በአገጫቸው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠቆሙኝ። «ከሱ ጋር ትወራረዳላችሁ።»

ሒሳብ ማለታቸው ነው። እኔ ጆሮ ላይ ግን ቃሉ ሌላ ሆኖ ገባ። ጧፉን ይዤ ቆምኩ። ያን ሰሞን 100 ብር የሚያበድረኝ ሰው አልነበረም። ጓደኞቼ ስልኬን ሲያዩ አያነሱም። እኚህ ሴትዮ ስሜን እንኳን ሳይጠይቁ አመኑኝ።

ጧፉን አበራሁና እንዲህ አልኩ፦ «ካለህ ስማኝ። ብር አልጠይቅህም። ለእማዬ የምናገርበት አፍ ስጠኝ።» ይኸው ነው ጸሎቴ። ብርሃን አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ኪዳን እየደረሰ ነበር፣ እግሬ ደንዝዟል።

ቤት ስገባ እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ቀን ልነግራት ጀምሬ ወሬ ቀይሬያለሁ። ያን ጠዋት አፌ ተከፈተ። ሁሉንም ነገርኳት። «ስንት ቀረ?» አለች። ምንም አልኳት። ዝም ብላ ጫማዋን አደረገችና ወደ ጊዮርጊስ ሄደች። የተሳለችው ያን ዕለት ነው።

የተሰማልኝ ጸሎት ይኸ ነው። ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በኋላ ግን ቃሉን ሳስበው ገረመኝ። አማርኛችን ላይ «አመነ» ማለት አምላክን ተቀበለ ማለት ነው። ሰው ላይ ልቡን ጣለ ማለትም ነው። ጥፋቱን ሳይክድ ተናገረ ማለትም ነው። እኔ ላይ የተቆለፈው ሦስተኛው ነበር። እሱ ሲከፈት ሌሎቹ ተከትለው መጡ፣ ቀስ እያሉ።

አባዬ አልተቆጣም። እርሳስና ወረቀት አመጣና ኦድ፣ ስታሸንፍ ብርህ የሚባዛበት ቁጥር፣ ምን እንደሆነ አስረዳኝ አለኝ። እኩል ለእኩል የሆነ ዕድል 1.85 ከተሰጠው፣ ከ100 ብር በአማካይ 92.50 ነው የሚመለሰው። አሥር እንዲህ ያለ ሲያያዝ ደግሞ ወደ 46 ብር ይወርዳል። ኢንጂነሩ እኔ ነኝ፣ አስልቼው አላውቅም ነበር። «ከእናትህ ሃይማኖት ይኸ ይብሳል» አለ። «እዚያ ቢያንስ ጠበል ጻዲቅ ይሰጧችኋል።»

አምሮቱ ወዲያው አልጠፋም። በሁለተኛው ሳምንት በ50 ብር ተመለስኩ፤ ለዚያም ለእማዬ አመንኩ። ደመወዝ ሲገባ ስልኬን ለእሷ እሰጣለሁ። ለጧፏ እናት 10 ብራቸውን በማግስቱ ወሰድኩ። ቆጥረው እንኳን አላዩትም። እኔ ግን በዓመት ውስጥ በቀኑ የከፈልኩት የመጀመሪያው ዕዳ ነበር። ትኬት ሳልቆርጥ አሁን ሁለተኛ ዓመቴ አልፏል።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ሲፈርስ ያቺ ቤትም አብራ ፈረሰች። እማዬ ይህንንም ለጊዮርጊስ ልትሰጠው ፈልጋ ነበር። የጎረቤቶቿም ቤት ፈርሷል እኮ አልኳት። ተወችው።

አንድ ወዳጄ ደግሞ «አምላክ አለ ብለህ ብትወራረድ ምን ትከስራለህ?» አለኝ። የፓስካል ሐሳብ ነው፣ የፈረንሳዩ የሒሳብ ሊቅ። እኔን በዚህ አትምጡብኝ። «ኪሳራ የለውም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከየት እንደማውቀው አውቃለሁ። ፓስካል በአውሮፓ አቆጣጠር 1654 ላይ ቁማር በመሃል ሲቋረጥ ብሩ እንዴት ይከፈላል የሚለውን ከሌላው የሒሳብ ሊቅ ከፌርማ ጋር በደብዳቤ ሲያሰላ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንድ ሌሊት የሆነ ነገር ደረሰበት። «የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ፣ የፈላስፎች ያልሆነ» ብሎ ጻፈና ኮቱ ገበር ውስጥ ሰፋው። የተገኘው በ1662 ከሞተ በኋላ ነው። እሱም ራሱ ያመነው በስሌቱ አልነበረም ማለት ነው።

ጃንጥላው የገባው ባለፈው ሚያዝያ 23 ነው። እማዬ ጉልበቷን ስላመማት እኔና እሷ ተደጋግፈን ነበር የምንሄደው። አባዬ ከኋላ መጣና ጃንጥላውን ከእጄ ወሰደው። «በሩ ድረስ እኔ ልያዘው» አለ። ምኒልክ ሐውልቱ ጋ ስንደርስ ሕዝቡ ገፋን፣ ከፍ አድርጎ ያዘው። በሩ ላይ አቀበለኝና እዚያው ውጭ፣ ጧፍ ሻጯ አጠገብ፣ ቆሞ ጠበቀን።