ረዳቱ አይነዳም ወይ?

ጥምቀት ሦስት ቀን ሲቀረው እህቴ እታለም ከጀርመን ደወለች። «ፓይለቶቹ የደመወዝ አድማ መትተዋል፤ በረራዬ ተሰርዟል።» ስልኩ ላውድ ላይ ነበር። እማዬ የጠላውን ድፍድፍ ታማስላለች፤ በጉ በረንዳ ላይ ታስሮ ይጮሃል።

አጎቴ የአዘዞን መስመር በሚኒባስ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ታዲያ ረዳቱ አይነዳም ወይ?» አሉ።

ረዳት አብራሪውም አድማ ላይ ነው አልኳቸው። ደግሞም አብራሪ ያገኘው ላይ አይወጣም፤ ፈቃዱ ለሠለጠነበት የአውሮፕላን ዓይነት ነው። የኤርባስ ኤ320 ሰው ድንገት ተነስቶ ቦይንግ 777 አያበርም። አድማው አንድ ቀን ቢሆን እንኳ መዘዙ ያድራል፦ አውሮፕላኑ አንድ ከተማ፣ ሠራተኛው ሌላ ከተማ ይቀራል፤ አብራሪ ደግሞ የዕረፍት ሰዓቱን ሳይጨርስ አይነሳም።

«የኔ ረዳት ግን ይነዳ ነበር» አሉ አጎቴ። ይነዳ ነበር። አንድ ጊዜ ቀሃ ወንዝ አፋፍ ላይ ያቆማትን መኪና ለማውጣት ግማሽ ሰፈር ወጥቷል።

እዚህ ላይ ነው እኔ የቤቱ ጠበቃ የሆንኩት። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004ን አንብቤያለሁ። ስረዛው የተነገረው ለበረራው ከ14 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀር ከሆነ፣ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ እንዲህ ላለ ጉዞ ካሳው 600 ዩሮ ነው። አየር መንገዶች «አድማ ከአቅማችን በላይ ነው» ይሉ ነበር፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2021 በስካንዲኔቪያው አየር መንገድ በኤስኤኤስ አብራሪዎች አድማ ጉዳይ፣ የገዛ ሠራተኛ በደመወዝ የሚመታው ሕጋዊ አድማ ሰበብ አይሆንም ብሎ ዘግቶታል።

600 ዩሮ ሲባል ቤቱ ጸጥ አለ። በጉም ጸጥ ያለ መሰለኝ። እማዬ ማማሰያውን እንደያዘች የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀየረችበት።

«ስልኬ ላይ ሁለት ምርጫ መጥቷል» አለች እታለም። «ገንዘብ ተመላሽ፣ ወይ ሌላ በረራ። የቱን ልንካ?»

«ገንዘቡን ነዋ!»

ነካች።

ያ ካሳው አልነበረም፤ የቲኬቱ ዋጋ ነው። ካሳው የስረዛው መልእክትና የቲኬቱ ቁጥር ተይዞ ለብቻው በጽሑፍ የሚጠየቅ ነው፤ ተመላሹን ስለነካች አይቀርባትም። ተመላሹን የነካ ሰው ግን ከአየር መንገዱ ጋር ተፋታ ማለት ነው፤ ሆቴሉም፣ ምግቡም፣ አማራጭ በረራውም እዚያው ያበቃል። «ሌላ በረራ» ብትል ኖሮ፣ በሌላ አየር መንገድም ቢሆን በነሱ ወጪ ያደርሷት ነበር። አሁን በበዓል ሰሞን ዋጋ፣ ከገዛ ኪሷ።

ሌላም ብልጠት ነበረኝ። ከአዲስ አበባ ጎንደር ያለውን ቲኬት ይረክሳል ብዬ ለብቻው ነው የቆረጥኩት። ሁለቱ በአንድ ቲኬት ቢሆኑ የመጀመሪያው ሲሰረዝ ሁለተኛውም አብሮ ይስተካከላል። ለብቻው የተቆረጠ ግን ስለ ጀርመን አድማ የሚያውቀው ነገር የለም፤ አውሮፕላኑ ሳይነሳ ደውሎ ያላስቀየረ «ቀረ» ተብሎ ይመዘገባል። እኔ መቼ ደወልኩ? ካሳ እያከፋፈልኩ ነበር።

እታለም ጥር 13 አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ወረደች። ታቦታቱ ገብተዋል፣ ጠላው ሆምጥጧል፣ ከበጉ የቀረው ቆዳው ነው። እኔን ሰላም ያለችኝ መጨረሻ ላይ ነው።

አጎቴ ሻንጣዋን እየጫኑ ጠጋ አሉና «አንቺ ልጅ» አሏት፣ «ያመጣሽ ዋናው ነው ወይስ ረዳቱ?»