ነዳጅ የረከሰ ዓመት

በ2008 ዓ.ም. ደሴ፣ ባንክ ውስጥ የሐዋላ መስኮት ላይ ነበርኩ። ሰኞ ሰኞ ገበያተኛው መጀመሪያ እኛ ጋ ተሰልፎ ነው ወደ ገበያ የሚወርደው።

ከኩታበር የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ። የሚስጥር ቁጥሩን ከደብተር በተቀደደች ወረቀት ያስጽፉና በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥሯታል። ቋጠሮውን የሚፈቱት በጥርሳቸው ነው። ልጃቸው ሪያድ ግንባታ ላይ ይሠራል። ድሮ በየወሩ ይልክ ነበር። ያን ዓመት አንድ ወር እየዘለለ መላክ ጀመረ። አንድ ሰኞ የሰጠኋቸውን ብር ሁለቴ ቆጠሩት።

«ልጄ፣ ጎድሏል።»

«የላከው ይኸው ነው፣ እማማ። እዚያ ነዳጅ ረክሶ ሥራው ተቀዛቅዟል።»

«ነዳጅ ከረከሰማ ለኛ ደግ አይደል? ታዲያ የኩታበር መኪና ለምን አልቀነሰልኝም?»

መልስ አጣሁ። ነዳጅ ገዝተን የምንኖር እኛ ነን፤ ሲረክስ መጠቀም ነበረብን። ሰኔ 2006 ላይ አንድ በርሜል ድፍድፍ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ጥር 2008 ከ30 በታች ወረደ። የሳዑዲ መንግሥት ገቢው አብዛኛው ከነዳጅ ስለሆነ ለሥራ ተቋራጮች የሚከፍለውን አዘገየ። ተቋራጮቹም የሠራተኛውን ደመወዝ ለወራት ያዙ። ጉዳቱ ሳይውል ሳያድር ኩታበር ገባ። የርካሹን ነዳጅ ጥቅም ግን እኚህ እናት አላዩትም። ደግሞ በኤል ኒኞው ድርቅ ዓመት ነው፤ ያ ብር የእህል መግዣ ነበር።

ሰኔ ላይ ግምገማ ተቀመጥን። የውጭ ምንዛሬ ዕቅዳችን አልሞላም። አለቃችን «የመስኮት መስተንግዶ ስለደከመ ደንበኛው ወደ ጥቁር ገበያ ሄዷል» አሉ። የሄደ አለ፣ አልክድም። ግን ሪያድ ስላለው ነገር ላስረዳ ስጀምር «ሰበብ አታብዛ» ብለው አቋረጡኝ። ውጤቴም ተቀነሰ። እስከዛሬ የሚቆጨኝ ውጤቱ አይደለም። እኚያ ማንበብ የማይችሉ እናት «ለምን?» ብለው ጠይቀዋል። በዚያ ስብሰባ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም።

ሐምሌ ላይ ወረፋው ውስጥ አየኋቸው። ተራቸው ሲደርስ መቀነታቸው ላይ ቋጠሮ አልነበረም። ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ነዳጁስ እንዴት ሆነ ልጄ? ተወደደልን?»