ዳማ ከእኛው ጋር ይበላል

ዳማን ያወቅኩት በአፉ ሽታ ነው። 2013 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ጅማ ከጠዋት እስከ ማታ በምትዘንብበት ሰሞን፣ አንድ ቀይ ወንድ ድመት ከስፌት ቤቴ ደጃፍ ጠፈጠፍ ሥር ኩርምት ብሎ አገኘሁት። አንድ ጆሮው ተቀዷል። አንገቱ ላይ መግል የቋጠረ የንክሻ ቁስል አለ። ጎንበስ ስል የበሰበሰ ሥጋ የመሰለ ሽታ ከአፉ ወጣ። ከምሳዬ የተረፈኝን ፍትፍት አቀረብኩለት። መጣ፣ አሸተተ፣ አንዴ ላስ አደረገና ጮኾ ወደ ኋላ ዘለለ። ከዚያ እንደገና መጣ። ርቦታል፣ መብላቱ ግን ያመዋል። ሦስት ጊዜ እንዲያ ሲመላለስ ካየሁ በኋላ ሥራዬን መቀጠል አልቻልኩም።

ሰፈሩ ያውቀዋል። መርካቶ አጠገብ ካለ የቡና መጋዘን ለአይጥ ተብሎ የገባ ነው። የመጋዘኑን ባለቤት ሐጂን ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እሱ ከታመመ ሁለት ወሩ። ሌሊቱን ከሰፈሩ ወንዶች ጋር ሲናከስ ነው የሚያድረው። ድመት ነጃሳ አይደለም፣ ከቤትሽ ብታስገቢውም ምንም የለው። ውሰጂው፣ አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ» አሉኝ። በዘንቢል ይዤው ሄድኩ። ቀለሙ የዳማ ፈረስ ስለሆነ ስሙን ዳማ አልኩት።

የሚያክመው ዶክተር እዚሁ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የእርሻና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የወጣ ወጣት ነው። ውሎው ከላምና ከበግ ጋር ቢሆንም ድመት ሲይዝ እጁ ልዝብ ነው። አፉን ከፍቶ አሳየኝ። ድዱ እንደ ጥሬ ጉበት ቀልቶ አብጧል፣ በትንሹ ሲነካው ይደማል። አንገቱ ሥር ንፍፊት አለ። ዶክተሩ ከውጭ አገር የመጣ ወዳጁ የተወለት ሁለት የምርመራ ኪት ነበረው። ከፊት እግሩ ሦስት ጠብታ ደም ወሰደ፣ ጠብታውን ኪቱ ላይ አደረገና አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ብቅ አለች።

«እትዬ፣ ኤፍአይቪ የሚባል የድመት ቫይረስ አለበት» አለኝ። «ከሰው ኤችአይቪ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ግን...» ብሎ ቆመ። እኔ የቀረውን በልቤ ጨረስኩት።

ያን ቀን ቤት ስገባ ያደረግኩትን ልናገር። ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ የፕላስቲክ ሳህን አወረድኩ፣ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩበት፣ ለብቻው አስቀመጥኩት። በረኪናውን አወጣሁ። ክዳኑን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እጄ ቀጥ አለ።

ታላቅ እህቴ የሞተችው በ1993 ዓ.ም. ነው። ነፃው የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ሲጀመር እሷ አራት ዓመቷ ነበር ከተቀበረች። በቤታችን የእሷ ኩባያ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የቆርቆሮ ኩባያ ነበር። እሷ ብቻ ትጠጣበታለች። እኔ ነኝ የማጥበው፣ ለብቻው፣ በበረኪና፣ ለብቻው በተቀመጠ ጨርቅ። ማንም በክፋት አላደረገውም። እናቴ ፈርታ ነው፣ እኔም ፈርቼ ነው። እህቴ አንድ ቀን ኩባያውን ከእጄ ተቀብላ «ይኼ ሰማያዊው የኔ ነው አይደል?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ሌላ ምንም አላለችም። እኔም አልመለስኩላትም።

ምልክት ያደረግኩበትን ሳህን አንስቼ ጣልኩት። በነጋታው ዶክተሩ ዘንድ ተመልሼ ማወቅ ያለብኝን ሁሉ እስከማውቅ ድረስ ጠየቅኩት። አሁን የምጽፈውም ያኔ ያወቅኩትንና በእነዚህ ወደ አራት በሚጠጉ ዓመታት ያየሁትን ነው። የድመቱ ደም ሲመረመር ነጥብ የወጣበት ሰው ሁሉ እኔ በዚያ ማታ የቆምኩበት ቦታ ይቆማልና።

ቫይረሱ ለሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ፔታሉማ በምትባል ከተማ በአንድ ላይ የሚኖሩ ድመቶች እየመነመኑ ሲሞቱ ኒልስ ፔደርሰንና ጃኔት ያማሞቶ የተባሉ ተመራማሪዎች ለይተው አወጡት። ሌንቲቫይረስ ከሚባሉት ወገን ነው፣ ማለትም ቀስ ብለው ዓመታት ወስደው ከሚሠሩት። ኤችአይቪም ከዚያው ወገን ነው። ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለውን ሲዲ ፎር የሚባል ሕዋስ ማጥቃታቸውም አንድ ያደርጋቸዋል። ግን የድመቱ ወደ ሰው አይተላለፍም። ቢነክስህም፣ ቢቧጭርህም፣ አልጋህ ላይ ቢተኛም አይተላለፍም። ወደ ውሻም ወደ ዶሮም አይሄድም። የእህቴ ልጅ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አላት፣ ከዳማ ጋር ተቃቅፈው ነው የሚተኙት። እናቷ መጀመሪያ ሲጨንቃት እኔው አስረዳኋት።

ከድመት ወደ ድመትስ? ዋናው መንገድ ጥልቅ ንክሻ ነው። ምራቁ ውስጥ ያለው ቫይረስ በጥርስ ወደ ሥጋ ሲገባ ነው። ለዚህ ነው ያልተኮላሹ፣ ሌሊት ለሴትና ለሰፈር የሚደባደቡ ወንዶች ላይ የሚበዛው። እናት ለግልገሏ ልታስተላልፍ ትችላለች፣ ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም። ከአንድ ሳህን መብላት፣ መላላስ፣ ጎን ለጎን መተኛት አደጋው በጣም ትንሽ ነው። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፣ ተራ ሳሙና ይገድለዋል።

ቤቴ ውስጥ ሹሩባ የምትባል መስመር መስመር ያላት ሴት ድመት ነበረች። ሁለተኛው ኪት ለእሷ ዋለ፤ ነፃ ናት። ዳማን ሦስት ሳምንት በሌላው ክፍል አቆየሁት። በበሽታው አይደለም፣ እንዳይደባደቡ ነው። ዳማ የተኛበትን ጨርቅ ለሹሩባ፣ የእሷን ለእሱ እየቀያየርኩ ሽታ አለማመድኳቸው። በሩን ስከፍት ሹሩባ አንዴ እፍ አለችበት፣ እሱ ዞር ብሎ ተቀመጠ፣ አለቀ። ከዓመት በኋላ ዶክተሩ ሌላ ኪት አግኝቶ ሹሩባን ደግሞ አየልኝ፤ አሁንም ነፃ ናት። ሳህናቸው ሁለት ነው፣ ምክንያቱም ዳማ ሰባት ጥርሱ ስለተነቀለ ቀስ ብሎ ይበላል፣ እሷ ደግሞ ትቀማዋለች። የሚታጠቡት ግን ከእኔው ሳህን ጋር፣ በአንድ መዘፍዘፊያ ነው።

ስለ ምርመራው አንድ ነገር። ኪቱ የሚያየው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነቱ ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ አካል ነው። ስለዚህ ድመቷ በቅርብ ተነክሳ ከሆነ ገና ላያሳይ ይችላል፤ ሁለት ወር ያህል ጠብቆ መድገም ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ግልገል ላይ ነጥብ ቢወጣ ደግሞ ከእናቱ ወተት ያገኘው ፀረ አካል ሊሆን ይችላል፣ ስድስት ወር ሲሞላው ይደገምለት። በዚህ ስህተት ጤነኛ ግልገል እንዳይሞት እሰጋለሁ።

ምክንያቱም ይሞታሉ። ሌላ ቦታ የጠየቅኩት አንድ ባለሙያ ዳማን ሳያየው «በመርፌ ይገላገል፣ ሰፈሩንም ይበክላል» ብሎኛል። በጣም ተናደድኩ፣ አሁንም ሳስበው ያመኛል። የአሜሪካ የድመት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድን ድመት ምርመራው ስላሳየበት ብቻ መግደል እንደማይገባ በግልጽ አስቀምጧል። ቫይረሱ ያለባቸው ብዙዎች ለዓመታት ያለ ምንም ምልክት ይኖራሉ፣ አንዳንዱም አርጅቶ በሌላ ምክንያት ይሞታል።

ታዲያ ምን አደረግኩለት? መጀመሪያ አፉ። ቁስሉ በአንቲባዮቲክ ከደረቀ በኋላ ኅዳር 2014 ላይ ዶክተሩ አዲስ አበባ ያለ የክፍል ጓደኛውን በስልክ እያማከረ አስተኝቶት ሰባት ጥርስ ነቀለለት፣ በዚያው አኮላሸው። ማደንዘዣው ሲለቀው እየተንገዳገደ መጥቶ ጭኔ ላይ ወጣና ተኛ። ከአራት ቀን በኋላ የተፈጨ የተቀቀለ ሥጋ አቀረብኩለት፤ ላሰ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደገና ላሰ። ያን ጩኸት ጠበቅኩ። አልጮኸም። ሳህኑን ጨርሶ ጠርዙን ሲያፀዳ እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ምግቡ ሁሉ በስሎ ነው። የመከላከል አቅሙ ለደከመ ድመት ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ሌላ በሽታ ይዞ ይመጣል። በዓል ሲሆን ቁርጥ የሚበላ እንግዳ «ይቅመስ እንጂ» እያለ ጣል ሊያደርግለት ይሞክራል፣ እኔ ደግሞ ዳማን ጓዳ እዘጋበታለሁ። ሽሮና እንጀራ ብቻ ድመት አያኖርም፣ ሥጋ የግድ ነው። የበሬ ልብ እቀቅላለሁ፣ አንዳንዴ ዶሮ፣ አንዳንዴ ጉበት ጥቂት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ስለሆነ ወጥ አይነካም። ሁዳዴ ሲገባ እኛ የምንገዛባቸው ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፤ ያኔ የሐጂ ልጅ ከእነሱ ሥጋ ቤት ገዝቶ ያመጣልኛል። ፆመኛ ቤት በሁዳዴ ሥጋ ሲቀቀል ሽታው ግቢውን ይሞላዋል። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ ገረማቸው፣ አሁን ለምደውታል።

ደጅ አይወጣም። ይኼ ለእሱም ነው፣ ለሰፈሩ ድመቶችም ነው። የእኛ ቤቶች በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት አላቸው፤ ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት አስመታሁት፣ መስኮቶቹንም እንዲሁ። ለመፀዳጃው ከእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ በጆንያ አመጣለሁ። በርጩማ የሚሠሩት ልጆች በነፃ ይሰጡኛል። የመጀመሪያውን ወር ሌሊት ሌሊት በሩ ሥር እየጮኸ አስቸገረኝ። ከተኮላሸ በኋላ ቀስ በቀስ ተወው። አሁን ጠዋት ፀሐይ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ስታርፍ እሱም እዚያው ያርፋል።

ልብስ ሰፊ ለሆናችሁ፣ ክር ከድመት አርቁ። ድመት ክር ከጀመረ መትፋት አይችልም፣ ምላሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል፣ አንጀቱን ይሸበሽባል፤ መርፌ ካለበት ደግሞ ሌላ ነው። የእኔ ክሮች ሁሉ በክዳን ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። ሌላው ፓራሲታሞል ነው። ዳማ አንዴ ሲያተኩሰው አንዲት ጎረቤቴ በደግነት ግማሽ ፍሬ ልትሰጠው ነበር። ግማሽ ፍሬ ድመት ይገድላል። የሰው መድኃኒት ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ።

በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለው፣ የሆድ ትል መድኃኒት አለው፣ በየስድስት ወሩ ዶክተሩ ያየዋል። በየወሩ እኔው እመዝነዋለሁ፤ ሐጂ ቡና በኪሎ የሚሸጡባት ትንሽ ሚዛን ላይ፣ ከነዘንቢሉ፣ ከዚያ ዘንቢሉን እቀንሳለሁ። ሲመጣ 3 ኪሎ ከ100 ነበር። የደንበኞቼን ወገብና ትከሻ የምጽፍበት ደብተር መጨረሻ ላይ የእሱ ገጽ አለ። ድመት ሕመሙን ይደብቃል፣ ሚዛን ግን አይደብቅም። አምና ጥር ላይ እስከ 4 ኪሎ ከ600 ደርሶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ስመዝነው 4 ኪሎ ከ300 ሆነ። ከፋሲካ ወዲህ በግራ በኩል ድዱ ትንሽ ቀልቷል፣ ሲበላም አንገቱን ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ለዶክተሩ ደውዬለት ሐሙስ አምጪው ብሎኛል፤ የቀሩትን የኋላ ጥርሶች ሊያያቸው ነው። ዘንቢሉን አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ሹሩባ ገብታ ተኝታበታለች፣ ዳማ ደግሞ ከአጠገቡ ተጋድሞ ጆሮዋን እየላሰላት ነው።