ሰዓት ያልተጻፈባቸው 60 ወረቀቶች

የመመረቂያ ጽሁፌን ሁለቴ አቅርቤያለሁ። አንዴ ይበቃኝ ነበር። ሳይኮሎጂ የምታጠኑ፣ በተለይ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ሆናችሁ ስለ ጫት ልትጽፉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ።

ርዕስ መምረጥ አልከበደኝም። ሰው ለምን እንዲህ ይሆናል ሲባል ባዮሎጂካል አፕሮች የሚባለው የሳይኮሎጂ መንገድ መልሱን ሰውነት ውስጥ ይፈልጋል፦ አንጎል፣ ሆርሞን፣ ዘረመል። እኔን የማረከኝ የፊኒየስ ጌጅ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 አሜሪካ ውስጥ የባቡር ሐዲድ ሲያሰራ የብረት ዘንግ ጭንቅላቱን በስቶት አለፈ። ከሞት ተረፈ፣ ጠባዩ ግን ተቀየረ። ባቡር በቆረቆራት ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይህ ታሪክ ከአእምሮ አይወጣም። ጫትም አንጎል ውስጥ ገብቶ ጠባይ ይቀይራል፤ ርዕሴ እሱ ሆነ።

ንባቡ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የትብብር ደብዳቤው አራት ምልልስ ወሰደ፤ ማህተም የያዘው ሰው ምሳ በወጣ ቁጥር ቀኑ ያልቃል። እስካሁን ያናድደኛል፣ ግን እሱ አልፏል።

ያላለፈልኝ መጠይቁ ነው። አማካሪዬ "ከሰዓት ሂጂ፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚገኘው ያኔ ነው" አለኝ። ሄድኩ። ከዚራ፣ ገንደ ቆሬ፣ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ቸር ነው፤ ቦታ ይለቅልሻል፣ ሻይ ይቀዳልሻል፣ የጠየቅሽውን ሁሉ ይመልሳል። በአምስት ቀን 60 ወረቀት ሞላሁ። ደስታዬን አልችለውም ነበር። ውጤቱ ደግሞ ቃሚዎች ከማይቅሙት ይልቅ ደስተኛ፣ ሰው ወዳድ፣ ነገ ብዙ ሊሰሩ ያቀዱ ናቸው የሚል ሆነ። ይህን ይዤ ፈታኞች ፊት ቆምኩ።

አንዷ ፈታኝ "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሞሉት?" ብላ ጠየቀችኝ።

ወረቀቱ ላይ ዕድሜ አለ፣ ትምህርት አለ፣ የጋብቻ ሁኔታ አለ። ሰዓት የለም።

እኔ እኮ ካቲኖንን አንብቤያለሁ። እርጥብ ጫት ውስጥ ያለው ዋናው ንጥረ ነገር፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የታወቀው። እንደ አነቃቂው መድኃኒት አምፌታሚን፣ አንጎል ውስጥ ከደስታና ከመነቃቃት ጋር የተያያዘውን ዶፓሚን ያስለቅቃል። ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ሐረር አጠገብ ካለችው አወዳይ የሚመጣው ጫት እንዲያ በጥድፊያ የሚጓዘው ለዚህ ነው። ምርቃናው ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል፤ ድብርት፣ ንጭንጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በማግስቱ ሐራራ። ይህን ሁሉ በራሴ እጅ ምዕራፍ ሁለት፣ ንባቡ ላይ ጽፌ፣ ምዕራፍ ሦስት፣ የመረጃ አሰባሰቡ ላይ ረሳሁት፤ ቃሚዎቹን የጠየቅኳቸው ምርቃና ላይ ሳሉ ነበር። ቅጹ ላይ የፈረመው አማካሪዬም አላየውም። ከሁለታችን በራሴ የበለጠ አዝናለሁ።

እንደገና ጀመርኩ። የመመረቂያ ጽሁፍ መመሪያው መረጃ በአንድ ወጥ ሰዓት ሰብስቡ ይላል። ስለ ጫት ስትጽፉ አትስሙት። አንዱን ሰው ጠዋትም ከሰዓትም ጠይቁት፤ ሰዓቱን ጻፉ፣ መቃም የጀመረበትንም ጻፉ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሰራተኛ ነው። (እኛ ድሬዎች ታላቅንም "አንተ" ነው የምንለው።) ያው በርጫ ላይ እየሳቀ የሞላልኝ ጎረቤቴ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስሄድ "አቦ ተይኝ!" ብሎ መጠይቁን ቆሞ ሞላውና በሩን ዘጋብኝ። ሁለቱ ወረቀቶቹ አሁንም አሉኝ። የከሰዓቱ ላይ ምልክቶቹ ሳጥኑ መሀል ቁጭ ብለዋል። የጠዋቱ ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶታል።

ከሰዓት ራሱ ጠራኝ። ጫት ያቆመ ሰሞን ዱካክ እንዴት እንዳሰቃየው አወራኝ። ዱካክ ማለት ጫት ሲቋረጥ በእንቅልፍ የሚመጣው ክፉ ህልም ነው፤ ጂን ነው የሚሉም አሉ። እኔም አስረዳሁት፦ አነቃቂ ነገር ህልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ያፍነዋል፣ ሲቋረጥ እንቅልፉ የታፈነበትን በአንዴ ያወጣዋል። በጥሞና ሰማኝ።

"እሺ፣ ገባኝ" አለ። "ታዲያ ዱካኩ ሁልጊዜ የሞተውን ወንድሜን ይዞ የሚመጣው ለምንድነው?"

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን እንዳለ የጥናቱ ውስንነት በሚለው ክፍል ውስጥ አስገባሁት። አማካሪዬ "ይህ ሳይንስ አይደለም፣ አውጪው" አለኝ። አላወጣሁትም።