የኅዳር ወፍ

ዛሬ ዝም ብሎ ደብሮኛል። ምክንያቱን አትጠይቁኝ። ምናልባት ጭሱ ነው። ኅዳር 12 ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን ደጅ አውጥቶ ሲያጥን ነው ያረፈደው። መስኮት ቢዘጋም በበሩ ሥር ይገባል። እንደምታውቁኝ እንዲህ ሲያደርገኝ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እወጣለሁ። ቤት የሚቀሩትም እፎይ ይላሉ።

ልጅ ሆኜ ኅዳር ሲታጠን በጣም ነበር የምወደው። ከቡሄና ከደመራ ሌላ እሳት መነካካት የሚፈቀድበት ቀን የለማ። ነገሩ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጃት የመጣ መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ዓለም ሁሉ በኢንፍሉዌንዛ ያለቀበት ጊዜ ነበር። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ነው የተረፉት። ያኔ የሚጤሰው ቅጠልና ጭራሮ ሳይሆን አይቀርም። አሁን ሃይላንድና ፌስታል ነው። በሽታ ይወጣልናል ብለን አጢሰን ስንስል እናመሻለን።

ለፎቶ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጭስ የመሰለ ነገር የለም። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ ወደ ከተማው በኩል ዘንበል ስትል ጭሱን ሰንጥቃ ትገባለች። የኮንዶሚኒየሙ ግድግዳ እንኳን ያምራል። ጭልፊቶቹም ነገሩ ገብቷቸዋል። እሳት ባለበት የሚሸሽ ፌንጣ አለ። ከጭሱ በላይ ይዞራሉ፣ ድንገት ዝቅ ይላሉ፣ በእግራቸው ቀለብ አድርገው እዚያው አየር ላይ ይበሉታል። እኔ ፎከስ እስካደርግ በልተው ጨርሰዋል። ከዛሬዎቹ ፎቶዎች አብዛኞቹ የጅራት ፎቶ ናቸው።

በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸች። ያ ጓደኛዬ ነው፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። «የመስቀል ወፍ ሆንክብን እኮ!» ይላል። ከነሳቅ ምልክቱ። ወደዚህ ከገባሁ ጀምሮ በየበዓሉ የሚልክልኝ ይቺን ነው። እሱ እዚህ ድረስ ታክሲ ቀያይሮ ለመምጣት አስቦ አያውቅም። ጠፋ የምባለው ግን እኔ ነኝ። ከተማው መሃል ያለ ሰው አይጠፋም፣ የሚጠፋው ዳር ያለው ነው። ምን ብዬ እንደምመልስ እያሰብኩ ቀና ስል እዚያው አጥሩ ላይ ራሱ የመስቀል ወፉ ተቀምጧል።

አልቀለድኩም። ከድንቢጦች ጋር ተደርድሮ፣ እሾሃማው ሽቦ ላይ። መጀመሪያ ድንቢጥ ነበር የመሰለኝ። በዙም ስቤ ሳየው ሆዱ ላይ እዚህም እዚያም ጥቁር ላባ ቀርቷል። ራሱና ደረቱ ቡናማ ሆኗል፣ ዝንጉርጉር ያለ ቡናማ። ቀለሙ ተልጦ ሥር ያለው እንጨት የሚታይ አሮጌ በር ይመስላል። ምንቃሩ አጭርና ወፍራም ነው፤ ሽቦው ላይ ግራ ቀኝ ይሞርደዋል። ከዚያ ከሥሩ ውሻ ሲያልፍ ተነሳ። ወገቡ ላይ፣ ከጅራቱ ከፍ ብሎ፣ ቢጫው ቦግ አለ። ወዲያው መልሶ ሲያርፍ ጠፋ። እንደገና ድንቢጥ ሆነ።

ቀዩንም ቢጫውንም የመስቀል ወፍ ነው የምንለው። የኛ ሰፈሩ ባለ ቢጫው ነው። ወንዱ ያንን ጥቁርና ቢጫ የሚለብሰው ለሚስት ነው፤ ለመስቀል ብሎ አይደለም። በክረምት ሣሩ ሲያድግ ግዛት ይይዛል፣ ላባውን ነፍቶ ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ጎጆ ይጀማምራል። የወደደችው ትገባለች። አንዷ ከገባች በኋላም ሌላ ይጠራል፤ ስለ ጠባዩ ብዙ ባልናገር ይሻላል። ወቅቱ ሲያልፍ ጥቁሩን ላባ ያራግፍና ሴቷን መስሎ ቁጭ ይላል። ከሠርጉ ልብስ የምትቀረው ያቺ ትከሻውና ወገቡ ላይ ያለችው ቢጫ ናት። እሷም በደንብ የምትታየው ሲበር ነው። እኛ ደግሞ መስከረም ላይ አይተነው ጥቅምት ላይ ስናጣው ሄደ እንላለን። የት ሄደ? የትም። ጥርም እዚሁ ነው፣ ሚያዝያም እዚሁ ነው። ይህን ካወቅኩ ቆየሁ፤ ግን በየዓመቱ እንደ አዲስ ይገርመኛል።

ይልቅ የሚሄዱት ሌሎቹ ናቸው። ላም ሥር ላም ሥር እያሉ ጅራታቸውን የሚነቀንቁት ቢጫ ሆድ ቀጫጭኖቹ አሉ አይደል? እነሱ ናቸው ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት። እነሱን ማንም ጠፋችሁ አይላቸውም፤ መምጣታቸውንም ልብ የሚል የለም።

ሰፈራችን እኮ በዚህ በኩል ሀብታም ነው። አገሪቱ ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለ፤ ከነዚህ ስንቱ በኔ በረንዳ በኩል እንደሚያልፍ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከፊት ለፊቱ ብሎክ ሮቶ ላይ በየጠዋቱ ጥንብ አንሳ ይቀመጣል። ያ ትንሹ፣ ፊቱ ሮዝ የሆነው፣ ቄራ አካባቢ የሚበዛው። ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ጎረቤቶቼ ሟርት ነው ብለው ድንጋይ ይወረውሩበታል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ነው፤ መርዝ ነው አንዱ የፈጀው። ለውሻና ለጅብ የተቀመጠ መርዝ እሱ ጋ ይደርሳል። ማለዳ ላይ እየተንጫጩ በጣሪያችን የሚያልፉትስ? ምንቃራቸው እንደ ማጭድ የቆለመመው፣ ጉሮሯቸው ሥር ቁራጭ ቆዳ የተንጠለጠለባቸው? ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የትም አይገኙም። ፈረንጅ እነሱን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል። እኛ በነሱ ጩኸት እንነቃና እንረግማቸዋለን።

ችግሩ ካሜራ ነው። ከተማ ዳር ላይ ካሜራ ይዞ አጥር አጥር የሚያይ ሰው ወፍ ያነሳል ብሎ የሚያስብ የለም። «ልጄ፣ ልኬት ነው እንዴ?» አሉኝ አንዲት እናት ባለፈው፤ እጃቸው ሊጥ እንደያዘ ነው የወጡት። ወፍ ነው ስላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ወፍ የሚል ሰው ምን ደብቆ ይሆን! አልፈርድባቸውም። እዚህ መጀመሪያ የሚያነሳ ይመጣል፣ ከዚያ የሚለካ ይመጣል፣ ከዚያ በር ላይ ቀለም የሚቀባ። ስክሪኑን ከፍቼ የአጥራቸውን ርግብ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩና «ይቺማ የኛ ናት» አሉ። ቡና ጠጣ ብለውኝ ነበር። እንደተለመደው ቸኮልኩ አልኩ። የምቸኩልበት ጉዳይ ግን አልነበረኝም።

ዛሬ ወፉን ሳነሳ ከአጥሩ ውስጥ ጠባቂው መጡ። ታጥሮ የተቀመጠውን ባዶ መሬት ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ሰው የሚውጠውን። ጠባቂው ያው ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አጥልቀው ነው። በየጠዋቱ «አካም» ተባብለን እንተላለፋለን። ከዚያ ያለፈ አውርተን አናውቅም።

«ምኑን ነው?» አሉኝ።

«ወፉን ነው፣ አባባ።»

«የቱን ወፍ?»

ካሜራውን በሽቦው መሃል አሾልኬ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት። ራቅ አደረጉት፣ መልሰው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ይሄማ የመስቀል ወፍ ነው» አሉ።

ገረመኝ። «ተቀይሮ የለም እንዴ? እንዴት አወቁት?»

«ምን አለው? እህሌን ሲበላብኝ ነው የኖረው።» ሳቁ። «ሰው የሚያጨበጭብለት ጥቁር ሲለብስ ነው። መንጋ ሆኖ የሚመጣው፣ የሚፈጀው ግን እንዲህ ቡናማ ሲሆን ነው።»

እህሌን ሲሉ ነው ነገሩ የገባኝ። ከአጥሩ ወዲያ በአገጫቸው አመለከቱኝ። የመኪና ማቆሚያው ያለበት አውድማቸው ነበር። ሱቆቹ ያሉበት ስንዴ፣ ከዚያ በታች ወንዙ ድረስ ጤፍ። ልጆቻቸው ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮሁ ይውሉ ነበር። አሁን አንዱ ባጃጅ ይነዳል፤ ሌላው አረብ አገር ነው። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ላይ ምንም የለም። የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው ነው።

«ይሄን የሚገዛህ አለ?» አሉኝ ካሜራውን እየመለሱ።

«የለም።»

«ታዲያ?»

እኔም «ታዲያማ» አልኳቸው። ምን ይባላል?

ቤት ገብቼ የዛሬዎቹን ላወርድ ኮምፒውተሩን ስከፍት እጄ ወደ ድሮው ፎልደር ሄደ። እዚህ የገባን ሰሞን ያነሳሁት አለ። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ፣ ጭጋግ ባለበት ማለዳ፣ ከብሎኮቹ ጥግ ላይ አንድ ሰው ሲያርስ። ከኋላው ክሬን ቆሟል። ሁላችሁም «ዋው» አላችሁበት፤ እኔም «ሁለት ዓለም» ምናምን የሚል ነገር ጽፌበት ነበር፤ አሁን ሳነበው ያሸማቅቀኛል። ሰውየው ጀርባውን ነው የሰጠው። ስቤ አየሁት፤ ትከሻው ሰፊ ነው። የጠባቂው ትከሻ ሰፊ ነው ወይ? ሁሌ ካፖርት ውስጥ ናቸው። ጅራፍ የያዘው በግራ እጁ ነው። ጠባቂው ዛሬ ካሜራውን የተቀበሉኝ በሁለት እጃቸው ነው። ይበልጥ ስስበው ሰውየው አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተበተነ።

በሬዎቹን ግን አሁንም ሳላይ እነግራችኋለሁ። የግራው ዳለቻ ነው፣ አንድ ቀንዱ ወደ ታች ያዘነበለ። የቀኙ ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ቦቃ አለው። ፎከሱን ያደረግኩት ቦቃው ላይ ነበራ።

ነገ ጠዋት ማለፌ አይቀርም። «አባባ፣ ቦቃ በሬ ነበርዎት?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ከባድ ነገር አይደለም። ግን አዎ ቢሉኝስ? ምን ልላቸው ነው? ብዙ ላይክ አምጥተውልኛል ልል ነው?