ሰማያዊው ጠፍቶ ቀዩ ብቻ የቀረበት ብሉቱዝ

ሌሊት ሜትር ታክሲ እነዳለሁ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ክልክል ስለሆነ ባለ አንድ ጆሮ ብሉቱዝ ከጆሮዬ አይወርድም። ደንበኛ ይደውላል፣ «የት ደረስክ?» ይላል፣ ቁልፏን ነክቼ እመልሳለሁ። ለእኔ ሥራ እጅግ ጠቃሚ ዕቃ ነው። የሚያስቸግረው መብራቱ ነው።

ብሉቱዙ ከስልኩ ጋር ተገናኝቶ፣ ማንም ሳይደውል፣ በየጥቂት ሰከንዱ ሰማያዊ ብልጭ ድርግም ይላል። ቀን ቀን ልብ አይባልም። የመንገድ መብራት የሌለበት ሰፈር ስገባ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። የምሰካው ግራ ጆሮዬ ላይ ነው፤ ቀኙ ተሳፋሪውን መስማት አለበት። ግራ ጆሮ ደግሞ ከበሩ መስታወት አጠገብ ነው። ብልጭ ባለ ቁጥር መስታወቱ ላይ ሰማያዊ ነጥብ ትወጣለች፣ ያውም ስፖኪዮውን በማይበት አቅጣጫ። ከኋላ ሞተር ሳይክል እየመጣ ነው ወይስ የራሴ ብሉቱዝ ነው? ረድፍ ልቀይር ስል እንዲህ ብዬ መጠራጠር አልፈልግም። አንዲት እናትም ከኋላ ተቀምጠው «ልጄ፣ ጆሮህ ላይ የሚበራው ነገር ዓይኔን ወጋኝ» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው።

ከፊቴ ያለው መኪና የፍሬን መብራት ከዚህች ነጥብ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ዓይኔን ግን እንደ እሷ አይረብሸውም። ምክንያቱን ሳነብ አገኘሁት። በጨለማ የምናይባቸው የዓይን ሴሎች በሰማያዊና በአረንጓዴ መሃል ላለው ብርሃን፣ የሞገድ ርዝመቱ 500 ናኖሜትር አካባቢ ለሆነው ማለት ነው፣ በጣም ንቁ ናቸው። ቀይ ብርሃን ግን እምብዛም አይነካቸውም። መርከበኞች ሌሊት መሣሪያቸውን በቀይ መብራት የሚያነቡትም ለዚህ ነው፤ ዓይናቸው ጨለማውን እንደለመደ ይቆያል። ደግሞ እነዚህ ሴሎች በብዛት ያሉት ከዓይን መሃል ወጣ ብለው ነው። ስለዚህ በዓይን ጥግ በኩል ጨለማ ውስጥ ብልጭ የሚል ሰማያዊ ነገር ሳናስበው ዞር ያደርገናል።

ብሉቱዙ ላይ የምትበራዋ ትንሽ መብራት ኤልኢዲ ትባላለች፤ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው። ቀዩና አረንጓዴው ቀድመው ነበሩ፤ ሰማያዊው ግን ተመራማሪዎችን ለብዙ ዓመት አስቸግሯል። ጃፓናዊው ሹጂ ናካሙራ ይሠራበት የነበረው ኒቺያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ደማቁን ይፋ አደረገ። ናካሙራ፣ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙበት። ዛሬ ቤታችን የሚበራው ነጭ ኤልኢዲ አምፖል የመጣው ከዚያ ነው። ክብር ይገባቸዋል። ሌሊት የሚነዳ ሰው ጆሮ ላይ ግን ቦታው አይደለም።

ወደ ሥራው ልምጣ። መጀመሪያ መመሪያውን አነበብኩ፣ እናንተም ከዚያ ጀምሩ። አንዳንድ ብሉቱዝ ላይ ድምፅ መጨመሪያውንና መቀነሻውን አንድ ላይ ይዞ በመቆየት መብራቱ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በስልክ አፕ ይስተካከላል። የእኔ ሁለቱንም የለውም። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ የራሱን በጥቁር ናስትሮ ጠቅልሎት ነበር። መብራቱ ድርግም አለ፤ ግን ደንበኞቹ ሁሉ «አይሰማም፣ አይሰማም» ይሉት ጀመር። ተቀብዬ ሳየው ከመብራቷ ሥር በመርፌ የተበሳች የምትመስል ቀዳዳ አለች። ማይኩ እሷ ናት። በናስትሮው ደፍኗታል። በዚያ ላይ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲውል ሙጫው ይቀልጥና ፀጉር ላይ ይጣበቃል።

ስልክ ጠጋኝ ወዳጄ «ከፍቼ መብራቷን ልንቀልልህ» አለኝ። አልፈቀድኩም። አንደኛ፣ ቀፎው በሙጫ የታሸገ ነው፣ ውስጡም የሊቲየም ባትሪ አለ። ሁለተኛ፣ ባትሪ ሊያልቅ ሲል ቀይ የሚያበራውም በዚያችው ቀዳዳ ነው። ቀዩን እፈልገዋለሁ። ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ብሉቱዙ ቢዘጋብኝ ደንበኛ ነው የማጣው።

መፍትሔውም የመጣው ከዚሁ ነው። ቀይ ግልጽ ፕላስቲክ ቀይ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሰማያዊውን ይውጣል። ቀይ የከረሜላ መጠቅለያ ወሰድኩ፤ ያ የሚንኮሻኮሸውን፣ ወዲያ ማዶ የሚያሳየውን። ብልጭ በሚለው ብሉቱዝ ላይ ይዤ አየሁት። በአንድ ድርብ ሰማያዊው ደብዛዛ ሐምራዊ ሆነ። አጥፌ ሁለት ሳደርገው ጠፋ። የብሉቱዙን ፊት በአልኮል ጠረግሁ፤ የጆሮ ወዝ ካለበት ምንም አይዝም። መጠቅለያውን በምላጭ የምስር ክክ በሚያህል መጠን ቆረጥኩ፣ መብራቷ ላይ አስቀመጥኩ፣ ከላይ ግልጽ ስኮች ለጠፍኩበት። የስኮቹ ጠርዝ ማይኩ ጋ ሳይደርስ መቆም አለበት። ከዚያ ለሌላ ሰው ደውዬ ድምፄ ጥርት ብሎ እንደሚሰማ አረጋገጥኩ።

ባትሪው እስኪደክም ጠበቅሁ። ቀዩ ብልጭ አለ፣ በደንብ ይታያል። መስታወቱ ላይ የነበረችው ሰማያዊ ነጥብ ግን የለችም።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አዲስ ስልክ ስታገናኙ ብዙ ብሉቱዝ ቀይና ሰማያዊ እያፈራረቀ ያበራል፤ ቀዩን መጠቅለያ ከለጠፋችሁ በኋላ የሚታያችሁ ቀዩ ብቻ ስለሚሆን ባትሪ አልቋል ብላችሁ አትደንግጡ። ሌላው፣ ቀይ የጥፍር ቀለምም ይሠራል፣ ግን አልመክረውም። ማስለቀቂያው አሴቶን ከሆነ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ስኮች ሲላቀቅ ይቀየራል፣ አለቀ።

አምራቾቹን አንድ ነገር ብጠይቅ ደስ ይለኛል። «ተገናኝቻለሁ» የሚለው ወሬ አንዴ ይበቃል። መብራት የሚያስፈልገው ባትሪ ሲደክም፣ ግንኙነት ሲቋረጥ፣ ቻርጅ ሲሞላ ነው። ሁሉም ደህና ሲሆን ጨለማ ቢሆን ማን ይጎዳል?

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ከስልካችሁ ጋር አገናኙትና በእጃችሁ ጋርዳችሁ ትንሽ ጠብቁ። መብራቱ ከተገናኘ በኋላ ይጠፋል ወይስ ይቀጥላል? ነጭ የሚያበራ ከሆነ የእኔ ዘዴ በከፊል ብቻ ይሠራል። ነጭ ውስጥ ቀይም ስላለ በቀዩ መጠቅለያ ደብዝዞ ቀይ ሆኖ ይታያል፣ ከባትሪው ምልክት ጋርም ይምታታል። ለእሱ የሚሻለው ከመጀመሪያው በቁልፍ ወይም በአፕ የሚጠፋ መግዛት ነው።