የጓሮ ነጭ ሽንኩርት፦ ደረጃ አወጣጥና መለያ አጻጻፍ

ጎንደር ላይ በክረምቱ ዝናብ የበቀለ ነጭ ሽንኩርት ደረጃ የሚወጣለት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ ከደረቀ በኋላ ነው። መድረቁን አንገቱ ይናገራል፤ በጣት ሲታሽ እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ደርሷል። እርጥብ ሳለ ከተቆረጠ ሻጋታ በቁርጡ ይገባና ራሱ ከላይ ወደ ታች ይበሰብሳል። ሲደርስ አንገቱ 2 ሳ.ሜ. ያህል ቀርቶለት ይቆረጣል፣ ሥሩ ይከረከማል፣ አፈሩ በእጅ ይራገፋል። ማጠብ የለም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በመጠን ስንጀምር ነው። ቀድሞ የሚለየው ጉዳት ነው። ዶማ የነካው ዛሬውኑ ለወጥ ይዋል። ልባሱ ተቀዶ ፍልቃቂው የተከፈተው ብዙ ጊዜ ነቀላው የዘገየበት ነው፤ ስለማይቆይ ቶሎ ይሸጥ። ሲጫኑት የሚላላው ይውጣ። በሥሩ በኩል ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ በላዩም ከጤፍ ያነሱ ጥቁር ነጥቦች ከታዩ ግን ነገሩ ከባድ ነው፦ ነጥቦቹ አፈር ውስጥ 20 ዓመት ሊቆዩ ይችላሉ። ያ ራስ ይቃጠላል እንጂ ኮምፖስት ጉድጓድ አይገባም። ከዚያው መደብ የወጣው ጤነኛ ቢመስልም ለዘር አይቀመጥ፤ እዚህ ላይ መሳሳት ጓሮውን ያሳጣል።

ለመጠኑ የአሮጌ ጀሪካን ጎን ቆርጦ 3፣ 4 እና 5 ሳ.ሜ. የሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ማውጣት ይበቃል። ቢላ ቀዳዳውን ያሰፋዋልና በማስመሪያ ደግሞ መለካት ነው። በ5ቱ የማያልፈው አንደኛ፣ በ4ቱ የማያልፈው ሁለተኛ፣ በ3ቱ የማያልፈው ሦስተኛ፤ የቀረው ለቤት። ከአንደኛው የዘሩ ድርሻ አስቀድሞ ይነሳ። የሚራባው በፍልቃቂው ስለሆነ ትልቁን ቅዳሜ ገበያ አውጥቶ ትንሹን መትከል የሚቀጥለውን ምርት ያሳንሳል።

መለያው እንዲህ ይጻፍ፦

«ነጭ ሽንኩርት፣ አንደኛ፣ ከ5 ሳ.ሜ. በላይ። የተነቀለ ጥቅምት 10፣ የተመዘነ ኅዳር 2። 5 ኪ.ግ.። የላይኛው መደብ።»

የተመዘነበት ቀን ለብቻው የሚጻፈው ትኩሱ ሲደርቅ ክብደቱ ስለሚቀንስ ነው፤ ይህ ካልተጻፈ ገዢ ተጭበረበርኩ ይላል። ካርቶን ላይ በእርሳስ ይጻፍ፣ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ሊፈስ ይችላል። አንዱ መለያ ከመረብ ጆንያው አንገት ይታሰር፣ ሌላው ውስጥ ይግባ። ማረጋገጫ ሳይኖር «ኦርጋኒክ» ብሎ ከመጻፍ የተረጨውን መድኃኒትና ቀኑን መጻፍ ይሻላል።